ጉናን ለውኃው እንጎብኘው



ከባሕር ዳር ወይም ከጎንደር ተነሥቶ በመኪና ወደ ላሊበላ የሚሄድ ጎብኚ ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል። ደብረ ታቦርን አልፎ ክምር ድንጋይን፣ ጋሳይን፣ ነፋስ መውጫን ያቋርጥና በጨጨሆ በኩል ወደ ወሎ ይሻገራል። በዚህ መንገድ ላይ በቀኝ በኩል ተንጣሎ የሚታየው ተራራ ጉና ነው። ቁመቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር ይበልጣል። ይሁን እንጂ ጎብኚው እዚህ የሚቆመው ሻይ ሊጠጣ ወይም ጎማ ሊያስነፋ ካልሆነ በቀር ለተራራው ብሎ አይደለም። መንገዱ የመተላለፊያ መንገድ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከጋፋት ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ አቅጣጫ ነበር። አሁን አሁን ታዲያ «ለምን አናስቆማቸውም?» የሚል ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ሆኖ የሚቀርበው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ እስከ ጫፉ መኪና የሚያስወጣ መንገድ፣ ጫፉ ላይ ሎጅ፣ ሎጁ ፊት ፎቶ መነሻ። እኔ ዛሬ የማቀርበው ክርክር ከዚህ ይለያል። ጉና መጎብኘት አለበት፤ የሚጎበኘው ግን ለጫፉ ሳይሆን ለውኃው ነው። ጫፉን ለማሳየት የምንሠራው ሥራ ውኃውን የሚጎዳ ከሆነ ጉብኝቱ ቢቀር ይሻላል።

ይህን ለማስረዳት ከድንጋዩ እጀምራለሁ። ጉና እሳተ ገሞራ ነበር። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ መሬት ተሰንጥቆ ቅልጥ አለት ወጣ፤ ንብርብር በንብርብር ላይ እየረጋ አንዳንድ ቦታ እስከ 2 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ውፍረት ሠራ። ዛሬ ከስማዳ ወደ አባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ ስንወርድ ገደሉ ላይ ደረጃ ደረጃ ሆኖ የሚታየው ጥቁር ድንጋይ ያ ነው። በዚህ ወለል ላይ በኋላ ዘመን ለየብቻቸው የፈነዱ ሰፋፊ ተራሮች በቀሉ። የስሜን ተራሮች ከወለሉ ጋር እኩያ ናቸው ማለት ይቻላል። የጎጃሙ ጮቄ 22 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ጉና ግን 10.7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆነዋልና ከእነዚህ ሁሉ ታናሹ ነው። «ታዲያ ይፈነዳ ይሆን?» ብሎ የሚሠጋ ካለ እንቅልፉን ይተኛ። እሳቱ ዛሬ ያለው በአፋር ነው፤ ሀይሊ ጉቢ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲፈነዳ አይተናል። የጉና እሳት ከጠፋ ሰው ሳይፈጠር ነው። የእሳቱ ሥራ ግን አሁንም በየቀኑ ያገለግለናል። ቅልጥ አለት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል፤ በአንዱ ፍንዳታና በሌላው መካከል ደግሞ አመድና አፈር ይተኛል። የክረምት ዝናብ በስንጥቁ ይሰርግና ውኃ የማያሳልፈው ንብርብር ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ይሄዳል። ንብርብሩ ተዳፋት ላይ ወጥቶ በሚታይበት ቦታ ምንጭ ሆኖ ይፈልቃል። በጉና ወገብ ዙሪያ ምንጮች በአንድ ዓይነት ከፍታ ተሰልፈው የሚገኙበት ምክንያት ይኸው ነው። ለጎብኚ የሚነገር ታሪክ ከፈለግን ከዚህ የበለጠ አናገኝም፤ እሳት ቤቱን ሠራ፣ ውኃ ገባበት።

አሁን ወደ በረዶው ልምጣ፤ ምክንያቱም የተራራ ፓርክ ሲባል ዓለም መጀመሪያ የሚያስበው በረዶን ነው። በእሳተ ገሞራ ምድር ላይ የበረዶ ግግር የሚጎበኝበት ስመ ጥሩ ቦታ የአይስላንዱ ቫትናዮኩል ብሔራዊ ፓርክ ነው። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን በ2019 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ከአገሪቱ ስፋት 14 በመቶ ያህሉን ይዟል። እዚያ እሳቱ ከግግሩ ሥር እስከ ዛሬ አልበረደም። በ1996 ከበረዶው ሥር የፈነዳ እሳተ ገሞራ ያቀለጠው ውኃ ጎርፍ ሆኖ ድልድይ ጠርጎ ወስዷል። በዚያው በ2019 አይስላንዳውያን ኦክ ለሚባለው ተራራ ግግር የመታሰቢያ ሰሌዳ አቆሙ፤ ግግሩ ከ2014 ጀምሮ ግግር መባሉ ቀርቶ ነበር። ወደ እኛ ቀረብ ስንል ኪሊማንጃሮ እ.ኤ.አ. በ1912 ከነበረው በረዶ ከአምስቱ እጅ አራቱን አጥቷል። ዩኔስኮ በ2022 ባወጣው ጽሑፍ የኪሊማንጃሮና የኬንያ ተራራ ግግሮች በ2050 ላይገኙ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል። የበረዶ ፓርኮች የሚያሳዝኑበት ምክንያት መልካቸው ስለሚጠፋ ብቻ አይደለም። ግግር የክረምቱን ውኃ ይዞ በበጋ ቀስ እያለ የሚለቅ ጎተራ ነው። ጎብኚው ነጩን ጫፍ ያያል፤ በግርጌው ያለው ገበሬ ግን የሚያየው የመስኖ ቦዩን ነው።

ኢትዮጵያም ግግር ነበራት። በባሌ የሳነቴ አምባ ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት በነበረው ጊዜ ውስጥ ሰፊ ግግር ተጋድሞ እንደነበር ተመራማሪዎች ግግሩ የተዋቸውን ድንጋዮች ዕድሜ ለክተው አረጋግጠዋል፤ በአርሲ ተራሮችም እንዲሁ። የሚገርመው በዚያው የብርድ ዘመን ሰው ተራራው ላይ መኖሩ ነው። በባሌ ፊንጫ ሀበራ በሚባል የዋሻ መጠለያ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ፍልፈል እያደነ የሚበላ ሕዝብ የበላቸውን ፍልፈሎች አጥንትና የድንጋይ መሣሪያውን ትቶ አልፏል። በስሜን ደግሞ በራስ ደጀንና በቧሂት ዙሪያ ግግር ቦርቡሮ የተዋቸው ጎድጓዶችና ገፍቶ የከመራቸው ድንጋዮች ዛሬም ይታያሉ። ከዚያ በኋላም ቢሆን በረዶ ከስሜን ፈጽሞ አልራቀም። በስድስተኛው ምዕተ ዓመት ኮስማስ የተባለው መንገደኛ አዱሊስ ላይ ገልብጦ ያቆየልን የአክሱም ንጉሥ ጽሑፍ ስለ ስሜን ዘመቻ ሲናገር ወታደሩ ጉልበት የሚያሰጥም በረዶ ውስጥ መግባቱን ያነሣል።

ጉናስ? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ግግር የነበረባቸው የስሜን ጫፎች ከ4,300 ሜትር በላይ ናቸው፤ ጉና ከእነሱ ያንሳል። ስለዚህ መንገድ ዳር «የጥንት የበረዶ ግግር ተራራ» የሚል ታፔላ መትከል ጎብኚን መሸወድ ነው፤ የተሸወደ ጎብኚ ደግሞ ሁለተኛ አይመጣም። በጉና ላይ በእርግጠኝነት የሚታየው ግግር ሳይሆን ውርጭ ነው። በታኅሣሥ ጥርት ያለ ሌሊት አልፎ ሲነጋ፣ ሣር በተላጨበት መሬት ላይ ጎንበስ ብሎ ላየ ሰው፣ አፈሩ ከስሩ ጣት በማይሞሉ የበረዶ ዘንጎች ተነሥቶ ይገኛል። እያንዳንዱ ዘንግ አናቱ ላይ ጠጠርና ትቢያ ተሸክሟል። ፀሐይ ሞቅ ስትል ዘንጎቹ ይወድቃሉ፤ የተሸከሙት አፈር ትንሽ ወደ ቁልቁል ዝቅ ብሎ ያርፋል። በማግሥቱም እንዲሁ ይሆናል። ዘር ቢወድቅ ሥር ሳይሰድ ይነቀላል። ክረምቱ ሲገባ ያ የተፈታ አፈር ለመጀመሪያው ጎርፍ የተዘጋጀ ነው። ሣር ባለበት መሬት ግን ይህ ሁሉ አይሆንም። ደጋው አንዴ ሲላጭ እንደ ቆላው ቶሎ የማያገግመው ለዚህ ነው፤ የጉና በረዶ ሣር በሌለበት ቦታ ጠላት ይሆናል።

በጉና ላይ የግግርን ሥራ የሚሠራው ጓሳው፣ አስታው፣ ሽበቱና ከሥራቸው ያለው ጥቁር አፈር ነው። ጓሳ እየተጠጋጋ በእፍኝ በእፍኝ የሚቆም ሣር ነው። አንዱን እፍኝ በእጅ ከፈል አድርጎ ለተመለከተ፣ ውጪው በነፋስ ደርቆ ሳለ ውስጡ እርጥብ ነው፤ የዓመታት ደረቅ ቅጠል ተነባብሮ ከሥሩ አፈሩን አልብሶታል። ጉም ሲያልፍ ጤዛ ይይዛል፤ ዝናብ ሲወርድ ጉልበቱን ይሰብራል፤ ውኃው ለመሮጥ ጊዜ አጥቶ ይሰርጋል። በላዩ ላይ ጅብራው ጎልቶ ይታያል። ጅብራ ለብዙ ዓመት ቅጠል ብቻ ሲያበዛ ቆይቶ አንድ ጊዜ ያብባል፤ ከዚያ ይሞታል። ጎብኚ ካሜራውን የሚያነሣው ለጅብራው ነው፤ ለጓሳው የሚያነሣ አይገኝም። ይህን ዐይን መቀየር ነው እንግዲህ የአስጎብኚው ሥራ።

ውኃው የት እንደሚሄድ እንይ። ርብና ጉማራ ከጉና ይነሣሉ። ሁለቱም የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ወደ ጣና ከሚገባው የወንዝ ውኃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚያመጡት አራት ወንዞች ናቸው፤ ከአራቱ ሁለቱ እነዚህ ናቸው፤ የቀሩት ግልገል አባይና መገጭ ናቸው። የፎገራ ሩዝ፣ የርብ ግድብ፣ የጣና ዓሣ፣ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ፣ ሁሉም የዚህ ተራራ ባለዕዳዎች ናቸው። ከተራራው ምሥራቅና ደቡብ የሚወርደው ደግሞ በጋይንት፣ በእስቴና በስማዳ በኩል ወደ አባይና በሽሎ ሸለቆ ይሄዳል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ሁለቱንም አቅጣጫ ይቀበላል፤ ውኃውንም፣ ከውኃው ጋር የሚመጣውን ደለልም። እና እዚህ ላይ አንድ የማይመች እውነት አለ። የጉናን ውኃ የሚጠጣው ወገን ብዙ ሆኖ ሳለ ለጉና ሣር ሲል ከብቱን የሚያግደው ተራራው ሥር ያለው ገበሬ ብቻ ነው። ከእኛው ከጋይንት፣ ከእስቴና ከስማዳ ወረዳዎች መካከል ደግሞ ዓመት ጠብቀው የሴፍቲኔት እህል የሚሰፈርላቸው አሉ።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። የመጀመሪያው «ሣርና ምንጭ ለማየት ማን ይመጣል? ስሜን እኮ ዋልያ አለው፣ ጭላዳ አለው» የሚል ነው። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች ዝርዝር የገባ ነው፤ ጉና በእንስሳ ከእሱ ጋር መፎካከር አይችልም። ቀይ ቀበሮ በጉና ተመዝግቦ ነበር፤ እሱም በቅርብ አሥርተ ዓመታት ጠፍቷል። ጉና ያለው ብልጫ ሌላ ነው። ስሜን ላይ ተራራውን ያዩት ሰዎች ውኃው የት እንደደረሰ ሳያዩ ይመለሳሉ። እዚህ ግን አንድ ሰው ጠዋት ከጋሳይ በላይ ምንጭ ላይ ቆሞ፣ ከሰዓት በፎገራ ሩዝ መካከል አልፎ፣ ማታ ጣና ዳር ያንኑ ውኃ ሊያገኘው ይችላል። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ሆኗል፤ ራሱን ጣናን ሳያውቅ የሚመጣ ጎብኚ የለም። ከራሱ እስከ እግሩ በአንድ ቀን የሚነበብ ወንዝ ያለው አገር ብዙ አይደለም። ደግሞስ ጎብኚ ማለት ፈረንጅ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ከደብረ ታቦር፣ ከወረታ፣ ከባሕር ዳር የሚመጣ ተማሪ የሚጠጣውን ውኃ ምንጭ አይቶ ቢመለስ፣ ነገ የውኃ ቢሮ ሠራተኛ ወይም ዳኛ ሲሆን ጉናን የሚያውቀው በካርታ ብቻ አይሆንም።

ሁለተኛውና ከባዱ ተቃውሞ የገበሬው ነው። «ተራራው ተከለለ ማለት ግጦሼ ተወሰደ፣ ገብሴን የምዘራበት ተወሰደ፣ ነገ ደግሞ ውጣ ልባል ነው» ይላል። ሥጋቱ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። በስሜን ፓርክ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ ተነሥቶ ደባርቅ እንዲሰፍር ተደርጓል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ስሜን ከአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሲወጣ ይህም እንደ አንድ እርምጃ ተቆጥሯል። ለቅርሱ በጀ፤ ለጉና ግን ይህን መንገድ አልመርጥም። የሚሻለው ምሳሌ ያለው በሰሜን ሸዋ መንዝ ነው። መንዞች ጓሳቸውን ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። ለዓመታት ይዘጉታል፤ ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ ለክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት የሚሆነውን ወስደው መልሰው ይዘጉታል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከርስት ሥርዓት ጋር ቄሮውንም አፈረሰው፤ ሣሩም ተጎዳ። ሕዝቡ ግን ኮሚቴ አቋቁሞ እንደገና ያዘው፤ በኋላ ክልሉ በማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራነት እውቅና ሰጠው፤ ዛሬ ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም እዚያ አሉ። ከዚህ የምወስደው ቁም ነገር፣ ጓሳን መጠበቅ ማለት ጓሳን አለመንካት እንዳልሆነ ነው። በአጨዳ የሚገኘው ጥቅም ለጠባቂው ከደረሰው ይጠብቃል። ጉናም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ መባሉ በወረቀት ደረጃ ትክክለኛው መንገድ ነው። የሚቀረው ወረቀቱን በየቀበሌው የአጨዳ ቀን፣ የግጦሽ ዙርና የጥበቃ ተራ ማድረግ ነው። ማረሻው ወደ ላይ መውጣቱን የሚያቆመውም ክልከላ ብቻ አይደለም። እዚያ ከፍታ ላይ ገብሱን ውርጭ ይመታዋል፤ የውኃ መውረጃው ፈሰስ ቁልቁል ስለሚቀደድ አፈሩ በአንድ ክረምት ይሄዳል። ገበሬው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። የሚያርሰው ሌላ ስላጣ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ባጭሩ «ሰላም በሌለበት ስለ ጉብኝት ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ድረስ ገብቶ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ከዚያ ወዲህም መንገዱ ለጎብኚ አልተመቸም። እውነት ነው። ይህ ተቃውሞ ግን የሚያፈርሰው የእኔን ክርክር ሳይሆን የሎጁን ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ፣ በኋላም ጦርነቱ ሲነሣ በላሊበላና በስሜን በጎብኚ ገቢ ይተዳደር የነበረ ሰው ባዶ እጁን ቀርቷል። ጥበቃውን በጎብኚ ብር ላይ የተከለ ፓርክ ጎብኚው በቀረ ቀን ጠባቂ ያጣል። ስለዚህ የጉና ጠባቂ ደመወዝ መምጣት ያለበት ከማይቋረጠው ተጠቃሚ ነው፤ ከመብራቱ፣ ከመስኖው፣ ከከተማው የቧንቧ ውኃ። ከእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓትና ከእያንዳንዱ ሜትር ኩብ የሚቆረጥ ጥቂት ሳንቲም ተሰብስቦ ጓሳውን ላገደው ቀበሌ ቢመለስ ምጽዋት አይደለም፤ የተሠራ ሥራ ዋጋ ነው። ጎብኚው በዚህ ሒሳብ ውስጥ ያለው ቦታ ሌላ ነው። እሱ ምስክር ነው፤ ሣሩ መኖሩንና ምንጩ አለመድረቁን መጥቶ የሚያይ።

በመጨረሻ ስለ ሥራው ቅደም ተከተል። ወደ ጫፉ የሚወጣ አዲስ መንገድ ይቆይ። ተዳፋት ላይ የተጠረገ መንገድ ራሱ ቦይ ነው፤ ጎርፉን ሰብስቦ ያወርዳል፤ በጓሳ መካከል ከሆነ ደግሞ ጎኑ ያለው አፈር ለውርጩ ይጋለጣል። መጀመሪያ የየቀበሌው ሽማግሌዎችና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች አብረው ወጥተው ምንጮቹን ይቁጠሩ፤ የትኛው በበጋ እንደሚቆይና የትኛው በየካቲት እንደሚነጥፍ ይመዝግቡ። ከዚያ ከአስፋልቱ አጠገብ የእግር መንገድ ይመረጥ፤ ከአንድ የጎለበተ ምንጭ ተነሥቶ፣ በገብስና በድንች ማሳ በኩል አልፎ፣ ጓሳው ላይ የሚያበቃ። መሪዎቹም፣ አጥሚትና የገብስ ቂጣ የሚያቀርቡትም የዚያው ቀበሌ ሰዎች ይሁኑ፤ ክፍያውም ደረሰኝ ተቆርጦለት ለጥበቃ ኮሚቴው ይግባ። ጫፉን ማየት የሚፈልግ በእግሩ ይውጣ። በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ አፈሩ ሲረጥብ መንገዱ ይዘጋ፤ ጓሳው ለአጨዳ የሚከፈትበት ቀን ደግሞ ለጎብኚም ይነገር፤ ቀኑን የሚቆርጡት ግን አጫጆቹ ይሁኑ።